ሞገዱ የተዳመጠ ቅጠል

ደረቅ ዕፅዋት በሚቀመጡበት ክፍል ቅጠል አድራቂዋን ሁሉም «ካውያ» ይሏታል። በሃያ ዓመት በእጇ አልፎ የተጨማደደ ቅጠል የለም፤ በጋዜጣ መሃል አጋድማ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳምጣ፣ መጫኛውን ስታጠብቅበት ወረቀት ነው የሚመስለው። በስሙም ትኮራበት ነበር።

ዕፅዋት ሰብሳቢ የሆነው ታላቅ ወንድሟ በሳምንቱ መጨረሻ ጡረታ ሊወጣ ነው። ከገደል ሥር ያመጣውን የመጨረሻ ተክል «ማንም አልመዘገበውም» ብሎ ምሎ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ግን ያን ጠዋት በአጉሊ መነጽር አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጠርዙ ልሙጥ ነው። እናውቀዋለን፤ ከድሮው ናሙና ጋር ይደረብ።»

«እኔ ስቆርጠው እኮ እንዲህ አልነበረም» አለ ወንድሟ፣ ኮፍያውን እያሻሸ።

እውነቱን ነው። ያንን ጠርዝ ያስተካከለችው እሷ ናት። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ቀላል ነው። የወንድሟን ፊት አየችና አልቻለችም።

«ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሞገድ ነበረው፤ የዳመጥኩት እኔ ነኝ።»

«የትኛው ሞገድ?» አሉ ኃላፊው። «ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚጠማዘዘውን ጠርዝ ላቲኖቹ ከልብስ እጥፋት ነው የሰየሙት፤ እሱ ቢዳመጥም አይጠፋም። ወደ ላይና ወደ ታች የሚለውን ከውኃ ሞገድ፣ የተንጨፈረረውን ደግሞ ከከርዳዳ ፀጉር።»

«የውኃውን ነዋ! ይነሳል፣ ይወድቃል።»

«ማስረጃሽስ?»

ለሻይ ከፈላው ውኃ በሳህን ቀዳችና ሞገዱ ይመለስ እንደሆነ ብላ፣ ከዳመጠቻቸው የወንድሟ ትርፍ ቅጠሎች አንዱን ነከረች። ኃላፊው ከድሮው ተክል አንድ አምጥተው አጠገቡ ጣሉ። ሦስቱም አንገታቸውን አሰገጉ። ሁለቱም ቅጠሎች ዝም ብለው ተኙ።

«ተይው እህቴ» አለ ወንድሟ፣ «የሞተ አይነሳም።»

ቆይቶ የእሱ ቅጠል ጠርዝ በአንድ በኩል ብድግ አለ። ቀጥሎ ያለው ዝቅ፣ ከዚያ ደግሞ ብድግ። የድሮው ጠፍጣፋ እንደሆነ ቀረ።

«አዲስ አቃፊ አምጪ» አሉ ኃላፊው።

«አንቺ ልጅ! ጡረታዬን ልትተኩሺብኝ ነበር እኮ!» ብሎ ወንድሟ እንባው እስኪመጣ ሳቀና ግንባሯን ሳማት። ደስታዋ ወሰን አጣ።

በናሙና ወረቀት ላይ የሰብሳቢው እንጂ የአድራቂው ስም አይጻፍም፤ ደንቡ ነው። እሷ ግን እስክሪብቶ ለመነች። ከወንድሟ ስም ሥር፣ በደቃቅ ፊደል፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጠርዙ ሞገዳም ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ ካያችሁት እሱን አትጠራጠሩ፤ የዳመጥኩት እኔ እህቱ ነኝ።»