በማቪስ ላይ የተጻፈው ቃል

ከትምህርት ቤት በመጣው ደብዳቤ ውስጥ ኤታ ሳጋርን ያስደነገጣት አንድ ቃል ነው፤ «ልጅዎ ማቪስ ኮምፕሊኬትድ ናት» ይላል። ይህን ቃል ከዚያ በፊት የሰማችው አንዴ ብቻ ነበር። ባሏ በሳንባ በሽታ በተኛ ጊዜ ሐኪሙ «ነገሩ ኮምፕሊኬትድ ሆኗል» አላት፤ በሦስተኛው ቀን ቀበረችው።

በማግስቱ የሽመና መኪኖቿን ለባልደረባዋ አደራ ብላ፣ የጥጥ ብናኙን ከፀጉሯ ሳታራግፍ በምሳ ሰዓት ወደ አስተማሪዋ ገሰገሰች።

«ልጄ ምን ሆነች፣ ሚስ ታተርሶል? ትሞትብኛለች?»

«ኧረ ምን በወጣት! ማን አለዎት?» አሉ አሮጊቷ አስተማሪ። የቄስ ልጅ ናቸው፤ ላቲን ያውቃሉ። «ቃሉ እኮ የበሽታ ስም አይደለም። ከላቲን ነው የመጣው፤ ‹ኮም› አንድ ላይ፣ ‹ፕሊካሬ› ማጠፍ። የተጣጠፈ፣ የተደራረበ ማለት ነው።»

ኤታ እፎይ አለች። ወዲያው ግን ንዴቷ መጣ።

«የታጠፈማ ይዘረጋል! እኛ ጋ ጨርቅ እንደታጠፈ የሚፈርድ ተቆጣጣሪ የለም። እስቲ ልጄን ይዘርጉልኝ።»

ሚስ ታተርሶል ትንሽ አሰቡ። «ፊት ለፊቴ ስትሆን ከክፍሉ አንደኛ ናት። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ስናገር ግን ቁብ አትሰጠኝም። እየተዘዋወርኩ ቃል ሳስጽፍ ወረቀቷ ባዶ ነው። መዝሙር ላይ አፏን ታንቀሳቅሳለች እንጂ ድምፅ የላትም። ግትርነት መስሎኝ...»

ኤታ የራሷን ከንፈር በእጇ ነካች። በእንግሊዟ በርንሊ ከተማ የሽመና አዳራሽ መኪኖቹ ሲጮሁ ጆሮ ዋጋ የለውም፤ ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ያለ ድምፅ፣ በከንፈር ብቻ ያወራሉ። ልማዱ ቤትም ይከተላቸዋል። ማቪስ የእናቷን አፍ እያየች ነው ያደገችው።

«አትሰማም» አለች ኤታ። «አፍ ታነባለች። እኔ እናቷ ደግሞ ቤት በከንፈር እያወራኋት፣ ሳላውቀው ችግሯን ጋረድኩባት።»

ልጅቷ ከግቢው ተጠራች። ኤታ ከጀርባዋ ቆማ ሦስት ጊዜ ስሟን ጠራች፤ ማቪስ በመስኮቱ ርግብ ታያለች። ትከሻዋን ስትነካት ዞረች፤ የእናቷን እንባ አይታ ሁሉም ገባት።

«ኩፍኝ ከያዘኝ ወዲህ ነው» አለች። «እማዬ፣ እንዳትልኪኝ! የጎረቤታችንን ልጅ መስማት ለተሳናቸው ትምህርት ቤት ብለው ሩቅ አልወሰዱትም?»

«ማን ሊወስድሽ? ሬሳዬን ተራምደው ካልሆነ!»

ሚስ ታተርሶል መሐረባቸውን አወጡ። «ስንት ጊዜ ተቆጥቼሻለሁ፣ ልጄ» አሉ።

ማቪስን የመረመራት ሐኪም ግራ ጆሮዋ ጨርሶ እንደማይሰማ፣ ቀኙ ግን ጥቂት እንደሚሰማ ነገራቸው። ማቪስ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አስተማሪዋም ቅዳሜ ቅዳሜ ኤታ ቤት እየመጡ የሸማኔዎቹን የከንፈር ንግግር ይማሩ ጀመር፤ ከንፈራቸው ግን እምቢ አላቸው። አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ያለ ድምፅ፣ በከንፈር ብቻ «ደብተርሽን አውጪ» ቢሏት ማቪስ «ጫማሽን አውልቂ» ያሏት መስሏት አወለቀች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሚስ ታተርሶልም ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ጫማ አወለቁ።