የብሮሿ ጀርባ

«እጅ ነበረው እኮ! እጅ!» አሉ የሰፈሩ ሽማግሌ ለቅሶው ላይ ሟቹን አንጥረኛ ሲያሞግሱ፣ ለስንተኛ ጊዜ።

የሟች ታናሽ ወንድም ጥግ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ነከሰ። ሦስት ቀን ሙሉ ይህንኑ ሰማ። ለንግሥናው ሃያ አምስተኛ ዓመት ቤተ መንግሥት በስጦታ ያደላቸውን ሁለት መቶ የደረት ብሮሾች የሠሩት ሁለት ሆነው ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ጉልበት ለጉልበት። መጀመሪያ እሱ በብሮሿ ጀርባ ላይ የመርፌዋን ማጠፊያ ይመታል፤ ከዚያ ታላቅየው የፊቷን ዘውድ ሰማያዊ ቅብ ያለብሳል። ከቤተ መንግሥቱ የግብዣ ደብዳቤ ሲመጣ ግን የአንድ ሰው ስም ብቻ ነበረበት። ታላቅየው ኮቱን ለብሶ ሄደ። እሱ የሞረድ ብናኝ ሲጠርግ ዋለ። ይኸው ሠላሳ ዓመት፣ ከአንጀቱ አልወጣም።

«ዋርሳዬ፣ አንተም አንድ ነገር በል እንጂ» አለች የሟች ሚስት።

«ሁሉን ተናገሩት። ለኔ ምን ተረፈ?»

«ይኼ ምላስህ! እሱ እኮ እንዲህ ስትል ነበር የሚስቀው።»

እውነቷን ነው። ይስቅ ነበር። እሳት ጣቱን ሲፈጀውም እፍ እያለ የሚያበርድለት ያው ወንድሙ ነበር።

ጡረታ የወጡ የቤተ መንግሥት ሞግዚት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ገቡ። ሹራባቸው ላይ ብሮሿ አለች፤ የዘውዱ ግማሽ ቅብ ረግፏል። ታናሽየው አየና ልቡ ዘለለ። የሱ ረገፈ፣ የኔ ቆሟል! አሁን ይቺን ቃል ይናገራታል።

ሴትዮዋ ቀደሙት። አጠገቡ ተቀምጠው ብሮሿን ፈቱና ገልብጠው መዳፉ ላይ አኖሩለት።

«ታናሽየው አንተ ነህ አይደል? አምና ወንድምህ ቅቡን ይጠግንልኝ ብዬ ወሰድኩለት። እሱ ግን መጠገኑን ትቶ ሠራተኞቹን ጠራና ‹ኑ እዩ፣ የኔ ረገፈ፤ የወንድሜ ማጠፊያ ንቅንቅ አላለም› እያለ ጀርባዋን ያሳያል። ‹ለምን ለራሱ አትነግረውም?› ስለው፣ ‹እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል› አለኝ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን አሰገጉ። «አሃ! ለካ ቅቡ ረጋፊ ኖሯል።»

ሠላሳ ዓመት የጠበቃት ቃል ይችው መጣች። ማጠፊያዋን በአውራ ጣቱ ከፈተ፤ ዘጋ።

«የሱ ቅብ አይረግፍም» አለ። «እኔ ነኝ ማጠፊያዋን አጥብቄ የመታሁት። ቅቡን ያሰነጠቅኩት እኔ ነኝ።»

ቅቡ የሚቀባው ከማጠፊያው በኋላ መሆኑን፣ ምቱም ሊያሰነጥቀው እንደማይችል ከእሱ ሌላ የምታውቀው የሟች ሚስት ብቻ ነበረች። ቀና ብላ አየችው፤ ነጠላዋንም አፏ ላይ ሳበች።

እሱም ጎንበስ ብሎ ብሮሿን በሞግዚቷ ሹራብ ላይ ሰካት። ዘውዱ ቀጥ ብሎ እስኪታይ በሁለት ጣቱ አስተካከለው፤ እጁንም ቶሎ አላነሳም።