የእንግዳ ሳሎን

«እዚህ ጋ ይፈርሙ፤ ለስድስት ወር የቤቱን ዕዳ አይከፍሉም» አለች የባንኳ ልጅ፣ እስክሪብቶውን ወደ ሶፋ ሰሪው እየገፋች። ሰውዬው ሊያነሳው ሲል ሚስቱ እጁን ያዘችው።

«ወለዱስ የኔ ልጅ? እሱም አብሮን ያርፋል?»

«ወለዱማ መቁጠሩን ይቀጥላል፣ እናቴ። በኋላ ዋናው ዕዳ ላይ ይደመራል።»

«እኛ ስንተኛ እሱ ሊሠራ ነዋ» አለች ሚስትየው።

ልጅቷ ሳቋን አፍና እስከ ነገ ማሰብ እንደሚችሉ ነገረቻቸው።

ሶፋ ሰሪው መንገዱን ሙሉ አኩርፎ ሄደ። አይፈረድበትም። ኑሮው እንዲህ ከከፋ ወዲህ ሶፋ የሚያሠራ ጠፍቷል፤ ሆቴሎቹም ወንበራቸው ሲቀደድ ጨርቅ ጣል አድርገውበት ዝም ነው። የሚያገኛት ገንዘብ ወይ ለሱቁ ኪራይ ትሆናለች ወይ ለቤቱ ዕዳ፤ ለሁለቱም አትደርስም። እሱ «የሚያበላን ሱቁ ነው፣ የቤቱን ለጊዜው እናቁመው» ባይ ነው። እሷ ደግሞ «በስድስት ወር ውስጥ ሥራው ባይመለስስ፣ ያበጠውን ዕዳ ማን ይከፍላል፣ ቤቱንስ ከሐራጅ ማን ያስጥለዋል?» ባይ ናት።

ስለዚህች ሴት አንድ ነገር ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። በሰፈራችን ስሟ «የሳሎን ዘበኛ» ነው። ቤቱን የገዙ ሰሞን ባሏ በገዛ እጁ የሠራላትን ሶፋ ከነላስቲኩ አስቀምጣ፣ በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን ጉያዋ ውስጥ ይዛ ትዞራለች። ልጆቿ ሳሎኑን የሚያውቁት በመስኮት ነው። ሶፋውን የሠራው ባሏም ቢሆን ጫማውን አውልቆ፣ ፈቃድ ጠይቆ ነው የሚገባው። አማቷ እንኳ ሊጠይቋት መጥተው ኩሽና ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ተመልሰዋል። «ለእንግዳ ነው» ትላለች ስትጠየቅ። ያ እንግዳ ግን ገና አልተወለደም እያልን እናማት ነበር።

ቤት እንደደረሱ ሳሎኑን ከፈተችው። ከባሏ አንገት የማይለየውን ሜትር ሳብ አድርጋ፣ ተንበርክካ ወለሉን ትለካ ጀመር። ሰውዬው ዕዳው አናቷ ላይ ወጣ ብሎ ደነገጠ።

«የስፌት መኪናህ መስኮቱ ሥር ይገባል» አለች። «መቁረጫ ጠረጴዛው እዚህ። ሱቁን መልስላቸው።»

«ሳሎንሽን?»

«ሳሎኔን።»

ባልየው ሶፋው ላይ ዘፍ ሊል ሲል ላስቲኩ ትዝ ብሎት ቆመ። ደንበኛ ሰው ቤት ድረስ እንደማይመጣ፣ ሰዉም «ከስሮ ቤቱ ገባ» እንደሚለው ተከራከራት።

«ይበሉ። ቤቱ የሚገባው ቤት ያለው ነው» አለችው። «ስንጠብቀው የኖርነው እንግዳ ይኸው ወለድ ሆኖ መጣልህ። ተቀምጦ ከሚበላን ሠርተን እንሸኘው።»

ባልየው ጎንበስ ብሎ የሜትሩን ሌላ ጫፍ ያዘላት።

በማግስቱ ወረቀቱን ሳይፈረምበት ለባንኳ ልጅ መለሰችላት። የሱቁ አከራይም በመያዣነት የያዘውን ገንዘብ እየተነጫነጨ መለሰ፤ የዚያ ወር የቤት ዕዳ በዚያ ገንዘብ ተከፈለ። ከዚያ ጓዙ ተነሣ። የስፌት መኪናው በእጅ ጋሪ፣ ስፖንጁ በጭንቅላት ተጭኖ መጣ። ሰውዬው እንደ ተከሳሽ አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ይከተላል፤ እሷ ከፊት ሆና «ቀስ በሉ፣ ግድግዳውን እንዳትፍቁት» እያለች ታዛለች። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ተሸከመ። ልናግዝ ነው የመጣነው ብንልም፣ እውነቱን ለመናገር ያንን ሳሎን ከውስጥ ለማየት ነበር።

አየነው። ያንን የመሰለ ሶፋ አይቶ የራሱን ቤት የተቀደደ መቀመጫ ያላስታወሰ አልነበረም። እሷም ይህ አልጠፋትም፤ ኪራይ ስለሌለባቸው ባሏ ዋጋ መቀነሱን ለተሸካሚው ሁሉ ጮክ ብላ ተናገረች። ባልየው ዋጋ መቀነሱን የሰማው እዚያው ከእኛ ጋር ነው።

መኪናው ገና ዘይት እየጠጣ ሳለ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ የፀጉር ቤቱን ወንበር ተሸክሞ ከተፍ አለ። ከኋላው አንዷ ትራስ አቅፋ፣ ሌላው በርጩማ አንጠልጥሎ ቆመዋል። የቤቱን ሕግ ያውቃልና ወንበሩን ደጃፉ ላይ አኑሮ፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ይፈታ ጀመር።

ባልየው ሥራውን ትቶ ሚስቱን አያት። እሷ ምንጣፏን አየች፤ ቀጥላ ጭቃ የጠጣውን ጫማ አየች። ከዚያ መቀሱን ከጠረጴዛው አንስታ የሶፋውን ላስቲክ ከዳር እስከ ዳር ሸረከተችው።

«ተወው፣ ክሩን አትፍታ» አለችው። «በጫማህ ግባና ቁጭ በል። እናንተም ግቡ፤ ሶፋው ለአራት ሰው ነው የተሠራው።»