በገበቴ ውስጥ የበራው ባሕር

ፋኪ ኦመር የጥምጥሙን ጫፍ አፍንጫው ላይ ጫነ።

"ሐጂ፣ እዚህ ቅል ውስጥ ምን ሞቶ ነው?"

"የባሕር ውሃ ነው። ዓሣም አለበት" አለ ማህጁብ።

ሙሽራውና ሽማግሌዎቹ ዳሱ ውስጥ ይጠብቃሉ። ማህጁብ ከሐጅ ሲመለስ ከጂዳ ወደ ሱዋኪን በጀልባ ሲሻገር ባሕሩ ያለ እሳት ሲበራ አየሁ ብሎ ለአሶሳ ሰው ሁሉ አውርቷል። የጋብቻውን ውል፣ ኒካሑን፣ የሚያስረው የቁርኣን መምህሩ ፋኪ ኦመር ደግሞ፣ "ውሸታም ወሊ፣ የሙሽሪት ወኪል፣ ሆኖ ልጅ አይድርም" ብሎ ተነሣ። ሙሽሪትን ማሪያምን አባቷ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጋት አጎቷ ማህጁብ ነው። ሌላ ሰው እንዲድራት አልፈለገችም።

ማህጁብ እውነቱን ሊያሳየው ፋኪን ያስገባበትን ጎጆ በር በሰሌን ጋረደ። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ቅሉን ከፍቶ ቀስ ብሎ ወደ ፋኪ ገፋው። ምንም የለም፤ ሽታው ብቻ።

"አየሁ" አለ ፋኪ። "ጨለማው እንዴት ያበራል!"

"መንገዱን ሁሉ እንደ ሕፃን አቅፌው ነው የመጣሁት። አንድም ቀን አልናጥኩትም።"

"እንግዲያው እንቅልፍ ወስዶታል።"

ጎጆውን ከሚከፍለው መጋረጃ ጀርባ የማሪያም ድምፅ መጣ። "ሳይናወጥ ምን ይታያል፣ አጎቴ? ወርቅስ ዝም ብለው ቢያዩት ከአሸዋው ይለያል?"

ወንዝ ወርዳ ወርቅ የምታጥብበትን ገበቴ ይዛ ወጣች።

"ሙሽራ ሰው ፊት አትወጣም!" አለ ፋኪ።

"ጨለማ ነው ብለዋል እኮ፤ ማን ያየኛል?"

ውሃውን ከቅሉ ገበቴው ውስጥ ገልብጣ እንደ ለመደችው አሽከረከረችው። መጀመሪያ የገበቴው ከንፈር ላይ ቀጭን ብርሃን ዞረ። ደግማ ስታዞረው ውሃው ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ በራ፤ የጣቶቿ ሂና ሳይቀር ታየ።

"ሱብሃነላህ" አለ ፋኪ። ጥምጥሙ ከአፍንጫው ወርዶ ነበር። እጁን እስከ አንጓው ነከረ። "አይፋጅም።"

"አልፋጀኝም ብዬ ነግሬህ ነበር" አለ ማህጁብ።

"ዝም በል እስቲ። እንደገና አዙሪው፣ ልጄ።"

አዞረች። ፋኪ እንደ ልጅ ሳቀ። ጌታ በሩቅ ባሕር ውስጥ ያኖረው መብራት የሦስቱንም ፊት አሳያቸው።

ሰሌኑ ሲገለጥ ፀሐይ ገባችና ውሃው ተራ ውሃ ሆነ። ማህጁብ እጅ ማበሻ ጨርቅ ዘረጋለት። ፋኪ አልተቀበለውም። በዚያው በሚሸት እርጥብ እጁ የማህጁብን እጅ ይዞ ዳሱ ውስጥ አስገባውና ኒካሑን ሊያስር ሙሽራው መዳፍ ላይ አኖረው።