የሃሴት ንባብ

«የልጅቷ እናት ትናንት ትምህርት ቤቱ ደውላ ነበር» አሉ የኮሌጁ ኮርስ ኃላፊ ሚስስ ኮለር፣ የቢሯቸውን በር ዘግተው ሳይቀመጡ። «ስለ ልጇ ሱቅ ውስጥ፣ ሰው ፊት አውርተሻል ነው የምትለው። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለች ጥሩብርሃን ደብተሯን እንዳቀፈች።

መዋሸት አላሰበችም፤ ምን እንዳጠፋችም ገና አልገባትም። ደሴ አሥራ አንድ ዓመት ስታስተምር የተማሪ እናት መንገድ ላይ ካገኘች አቁማ «ልጅሽ ዘንድሮ ሰንፏልና ያዥው» ትል ነበር፤ እናትየዋም መርቃት ትሄዳለች። እዚህ ግን የተማሪን ጉዳይ ለማንም አላወራም የሚል ወረቀት አስፈርመዋታል። አራት ገጽ ነው። ሊንውድ ካለው ሥራዋ ስትመለስ አውቶቡስ ላይ ቆማ፣ ቦርሳዋ ላይ አስደግፋ ፈረመችው እንጂ መች አነበበችው።

ሚስስ ኮለር ክፉ ሴት አልነበሩም። እንዲያውም ድምፃቸው የታማሚ ጠያቂ ድምፅ ነበር።

«እናትየዋ በጽሑፍ ከከሰሰች ከኮርሱ ትወጫለሽ፤ በዚህ ጉዳይ ኮሌጁ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። ቅሬታዋን ከተወችው እኔም እተወዋለሁ። እስከ ሰኞ ጊዜ አለሽ።»

ዲቪ ደርሷት ሲያትል ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው። ሦስቱንም ዓመት ሊንውድ አንድ የልብስ መደብር ውስጥ፣ ደንበኛ አንሥቶ የወረወረውን ሹራብ ስታጥፍ ኖራለች። የደሴው የምስክር ወረቀቷ እዚህ አገር ሹራብ እንኳ አያጠቀልልም። እንደገና አስተማሪ ለመሆን የሚያስጀምራት ይህ የኮሌጅ ኮርስ ነው፤ ኮርሱን ለማለፍ ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ሰዓት ተቀምጣ መምህርቷን መርዳት አለባት። አሥራ ስምንቱን ጨርሳለች። በእነዚያ አሥራ ስምንት ሰዓታት ከሦስት ዓመት ይልቅ ሰው ሆናለች።

የተመደበችበት ሁለተኛ ክፍል ውስጥ፣ ሲያትል እንደገባች ቤቷ ያስጠጋቻት የእናኑ ልጅ ሃሴት ነበረች። ምላሷ ቅልጥፍጥፍ ያለ፣ ተራዋ ሲደርስ ሳትደናቀፍ የምታነብ ልጅ ናት። የክፍሉ መምህርት ሚስ ዳና ይኮሩባታል። አንድ ቀን ግን ጥሩብርሃን የልጅቷን ጣት አየች፤ አፏ ሦስተኛው መስመር ላይ ሆኖ ጣቷ አንደኛው ላይ ቀርቷል። በእንዲህ ያለው ነገር ደግሞ ጥሩብርሃንን ማንም ሊሸውዳት አይችልም። እሷ ራሷ ፊደል የቆጠረችው በዜማ ከሚያወርዱና ከመሃል «ይቺ ማናት?» ሲባሉ ዝም ከሚሉ ልጆች ጋር ነው። ሃሴትን ጥግ ወስዳ ከገጹ ግርጌ ወደ ላይ ቃሉን አንድ በአንድ እየጠቆመች ጠየቀቻት። አንዱንም አላወቀችውም። ለካ ከፊቷ ያሉት ልጆች ሲያነቡ እየሰማች በቃሏ ይዛ ነው።

«ፕሊዝ» አለቻት ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «ፕሊዝ ለማሚ አትንገሪ።»

ቅዳሜ ሌክ ሲቲ፣ የሰፈሩ ሐበሻ በሚገናኝበት እትዬ ገንዘብ ሱቅ ውስጥ፣ ሦስት ሴቶች ቆመው እየሰሙ ለማሚ ነገረቻት።

ሚስስ ኮለር ባነጋገሯት ማግስት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የእናኑን በር አንኳኳች። እናኑ ከፍታ አየቻትና ግቢም አላለቻት።

«ስድስት ወር ሶፋዬ ላይ የተኛሽው ልጄን ለማዋረድ ነው?»

«እናኑ ሙች፣ ለልጅቷ ብዬ ነው። ማንበብ አትችልም እኮ። አሁን ካልተያዘች...»

«ስፔሻል ክላስ እንዲከቱልሽ ፈልገሽ ነዋ! ሌክ ሲቲ ሙሉ "የእናኑ ልጅ ዘገምተኛ ናት" እያለ ነው። ቸርች ሄጄ የት ልግባ? ሰዉ ልጄን ከንፈር እየመጠጠ ሲያያት አንቺ አላየሽ!»

«ዘገምተኛ ማን አላት? ትንሽ እርዳታ ነው የምትፈልገው። እባክሽ ኮል አድርጊና ትቼዋለሁ በያቸው። ከኮርሱ ሊያስወጡኝ ነው።»

እናኑ በሩን ተደገፈች። ቁጣዋ በረድ ሲል ይበልጥ ታስፈራለች።

«ኦኬ። ነገ ሱቅ ትመጫለሽ። የዚያን ዕለት የቆምሽበት ቦታ ቆመሽ፣ እነዚያው ሴቶች ፊት ውሸቴን ነው ትያለሽ።»

«ውሸቴን አይደለማ፣ እናኑ።»

«ሶ፣ እንግዲያው ሹራብሽን ስታጥፊ ኑሪያ» ብላ በሩን ዘጋችው።

ቅዳሜ ጥሩብርሃን ከሁሉም ቀድማ ሱቁ ደረሰች። ሌሊቱን ሙሉ ለራሷ ስትናገር ነው ያደረችው፤ አንድ ቀን የምትናገረው ውሸት ወደፊት ከምታስተምረው ሃያ ዓመት ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም፣ ነገ መምህር ስትሆን ስንቱን ልጅ ታነሣለች። ሰው ራሱን ማሳመን ሲፈልግ ጠበቃ አያጣም።

ሴቶቹ አንድ ሳይቀሩ መጡ፤ እናኑ ደውላ ጠርታቸዋለች። ሃሴትን ፀጉሯን ሠርታ፣ አዲስ ቀሚስ አልብሳ እጇን ይዛ ገባች። እትዬ ገንዘብ ከሂሳብ መቀበያው ኋላ በርጩማቸው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

«በይ ንገሪያቸው» አለች እናኑ።

«ያን ዕለት የተናገርኩት...» አለች ጥሩብርሃን ዓይኗን ከሃሴት አንሥታ። «ልክ አልነበረም። ከሌላ ልጅ ጋር አምታትቼ ነው። ሃሴት ጥሩ ታነባለች።»

«አልተሰማም። ደህና አርጊና ተናገሪ።»

«በጣም ጎበዝ አንባቢ ናት።»

«እሰይ!» አሉ እትዬ ገንዘብ። «ኧረ እኔስ የዚችን ብልጥ ስም ለምን ያጠፋሉ ብዬ ነበር። ጥሩዬ፣ የሰው ልጅ ላይ እንዲህ አይባልም እሺ? ያውም አስተማሪ ነኝ የምትይው ሴት።»

«‹ነበርኩ› የምትል ነው እንጂ» አለች አንዷ፤ ሴቶቹ ሳቁ። ጥሩብርሃንም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ።

እናኑ ግን አልጠገበችም። ከመደርደሪያው አንድ ቆርቆሮ አንሥታ ለልጇ ሰጠቻት። «በይ ለእትዬ ገንዘብ አንብቢላቸው።»

ልጅቷ ቆርቆሮውን አገላብጣ ሥዕሉን አየችና ጣቷን ጽሑፉ ላይ አሳርፋ «ቶሜቶ» አለች። ተጨበጨበላት። ጣቷ ያረፈው የፋብሪካው ስም ላይ መሆኑን ከጥሩብርሃን በቀር ያየ የለም። ሃሴት ቀና ብላ ፈገግ አለችላት፤ አሁንስ ሚስጥሯን የጠበቀችላት መስሏት ነው። ከሴቶቹ ሳቅ ሁሉ ይበልጥ ያቆሰላት ይህ ምስጋና ነበር።

እናኑ ቃሏን ጠበቀች። ሰኞ ጠዋት ሚስስ ኮለር ደውለው ቅሬታው መተዉን ነገሯት፤ ጥሩብርሃንም ተመልሳ ክፍሏ ገባች። ልጆቹ ሲያይዋት ጮኹ። ሚስ ዳና ወደ ጠረጴዛቸው ጠርተው አንድ ወረቀት አስጠጉላት።

«ከነገ ጀምሮ ማንበብ የከበዳቸውን የምትረዳ የንባብ መምህርት ትመጣለች፤ እስከ ሰኔ የምትወስደው ግን አምስት ልጅ ብቻ ነው። አራቱን ጽፌያለሁ። የሃሴት እናት ስትደውል ደንግጬ ነበር። እኔ ስሰማት ጥርት አድርጋ ነው የምታነበው። ተሳስተሽ ነበር እንዴ?»

ጥሩብርሃን ቀና ብላ አየች። ሃሴት ሁለተኛው ረድፍ ላይ መጽሐፏን ከፍታ፣ አጠገቧ ያለችው ልጅ ስታነብ ከንፈሯን እያየች አብራ ታነበንባለች። ስሟ እዚህ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ለወላጅ ደብዳቤ ይላካል፤ እናኑ ደብዳቤውን ስትከፍት ማን እንዳስጻፈው ለመገመት ደቂቃ አይፈጅባትም። ከሠላሳው ሰዓት ደግሞ ገና አሥራ ሁለቱ ይቀራታል።

«ተሳስቼ ነበር» አለች። «ሃሴት ደህና ናት።»

«እኔም ብያለሁ። እንግዲያው አምስተኛውን አንቺ ሙይው፤ ዓይንሽን አምነዋለሁ።»

እስክሪብቶውን ተቀብላ «ናኦል» ብላ ጻፈች። ናኦል ቀስ ይላል እንጂ ያነባል።