የዳዶው ቀይ ምልክት

ብስክሌት ጠጋኙን በስሙ የሚጠራው የለም፤ ጋሽ ጥብቅ ነው የሚሉት። ከተራራው አናት ቁልቁል የሚወርድ ብስክሌተኛ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ፊት ይቆማል። ጋሽ ጥብቅ መሪውን ያዝ፣ ነቅነቅ ያደርግና «ጥብቅ ነው!» ብሎ ይጮሃል። ያኔ ነው የሚለቀቀው። ሃያ ዓመት እንዲህ ሆኖ ኖሯል። አንድ ጥጋበኛ ሳያስይዝ ወርዶ ጥርሱን ከድንጋይ መሀል ሲለቅም ከታየ ወዲህማ ማንም አይደፍርም።

ነገ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ነው። ከዚያ ዝናቡ ይገባል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ብስክሌቶቹም ከጋራዡ ጣሪያ ላይ ተሰቅለው ወራት ይከርማሉ። ጋሽ ጥብቅ ለዚህ ለመጨረሻው ቀን ብቻ የሚያወጣው ብልሃት አለው። መሪውን የሚይዘውን ዳዶ በመፍቻ አጥብቆ ሲያበቃ ከሚስቱ የወሰደውን ቀይ የጥፍር ቀለም ከኪሱ ያወጣና ከዳዶው እስከ ብረቱ ድረስ ቀጭን መስመር ያሰምራል። ዳዶውን ሰው ከነካው መስመሩ ይሰበራል። «ሰው ይዋሻል፣ ቀለም አይዋሽም» ይላል ሁልጊዜ።

ትናንት በሁሉም ብስክሌት ላይ አስምሮ ነበር ያደረው፤ ዛሬ ጠዋት ወደ ጋራዡ የገባው ደግሞ እየተነጫነጨ ነበር። የማር ጠርሙስ ክዳን አልከፈት ብሎት፣ ሚስቱ ተቀብላ በአንድ እጇ ከፈተችው። «ዘንድሮ ክዳን እንዲህ የሚያጠብቁት ለማን ነው?» እያለ መጣ። ከዚያ የሴት ልጁን ሰማያዊ ብስክሌት አየ። የመሪዋ ዳዶ ላይ ያለው መስመር ለሁለት ተሰብሯል።

ክው አለ። የሚቀጥለውን አየ፤ ተሰብሯል። ከአሥራ አንዱ ብስክሌት የሰባቱ ተነክቷል። አራቱ ብቻ ናቸው እንደ ትናንቱ ያሉት፣ ከአራቱም አንዱ የሚስቱ ወንድም ልጅ ብስክሌት ነው።

«አሃ!» አለ ጋሽ ጥብቅ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የጋራዡ ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ እሱ አንገት ላይ ነው፣ ሁለተኛው የቁልቁለቱን መንገድ የሚጠብቀው የሚስቱ ወንድም ዘንድ ነው። አምና ያሸነፈው የዚህ አማቹ ልጅ ነው። ዘንድሮ ግን ሰማያዊዋን የሚቀድም የለም እየተባለ ነው። ታዲያ ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያስፈልጋል? አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ! ምሳ አብሮት ሲበላ የኖረ ሰው የእህቱን ልጅ ገደል ሊከት!

ብስክሌቶቹን አልነካም፤ ማስረጃ ናቸው። በሩን ቆልፎ ሽቅብ ወጣ። አማቹ አካፋውን ይዞ፣ ከሦስት ሰዎች ጋር ከመንገዱ ላይ ድንጋይ እየጠረገ ነበር።

«ዳዶ ስትፈታ ያደርክበት እጅ ነው ድንጋይ የሚለቅመው?» አለው ጋሽ ጥብቅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«የምን ዳዶ?»

«የልጄን መሪ! ልጅህ እንዲያሸንፍ የኔዋ አንገቷ ይሰበር?»

ሦስቱ ሰዎች መሬት መሬት አዩ። አማቹ ፊቱ ቀላ። «እሺ አማቼ፣ ይሁን» ብቻ ብሎ አካፋውን ትከሻው ላይ ጥሎ ቁልቁል ወረደ። ንጹሕ ሰው ሳይከራከር ይሄዳል እንዴ? ጋሽ ጥብቅ ይሄንንም ከማስረጃው ቆጠረው።

አንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነበር፤ አራት ብስክሌት ስለቀረው ሰውየው ተመልሶ ይመጣል። በምሳ ሰዓት፣ ለሁሉ እንዲታይ ከጋራዡ ወጣና ከውስጥ ሳይቀረቅር በተወው የጓሮ በር ዞሮ ገባ፣ ከአሮጌ ጎማ ክምር ጀርባም ተቀመጠ። ዛሬ እጅ ከፍንጅ ነው!

ብዙ አልቆየም። ቁልፉ ዞረ፣ በሩ ተከፈተ። የገባችው ልጁ ናት።

ከግድግዳው ላይ ረጅሙን መፍቻ አውርዳ በቀጥታ ወደ አጎቷ ልጅ ብስክሌት ሄደች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አሉ! አማቹን ሲሰድብ የዋለው ለካ ጉዱ ከቤቱ ነው። ልጁ ለአንድ ዋንጫ ስትል የሰው ልጅ ልትገድል! የራሷንም የነካችው እንዳትጠረጠር ነው! ተነስቶ ከክምሩ ጀርባ ወጣ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

መፍቻው ከእጇ ወደቀ። «አባዬ!»

«ልትገድዪው ነው? ወንድምሽን?»

ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ግን አልሸሸችም። «መስመሮቹን እያቸው» አለች። «ወዴት ነው የሄዱት?»

መነጽሩን አድርጎ ሰማያዊዋ ላይ ጎንበስ አለ። ዳዶው ላይ ያለው ግማሽ መስመር ወደ ቀኝ ነው የሄደው። የሚቀጥለውም ወደ ቀኝ። ሰባቱም። ዳዶ ወደ ቀኝ ሲዞር እንደሚጠብቅ፣ ወደ ግራ ሲዞር እንደሚላላ በዚያ ሰፈር ሕፃን ያውቃል። እሱ ጠዋቱን ሙሉ መስመሩ መሰበሩን እንጂ ወዴት መሰበሩን አላየም ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከብስክሌት ወድቄ አገጬ ከተተረተረ ወዲህ።»

«ድንጋይ ነው የጣለኝ አላልሽም?»

«መሪው ነው እጄ ላይ የዞረው፣ አባዬ። ከዚያ ወዲህ ያጠበቅከውን ሁሉ እየተከተልኩ አጠብቃለሁ። ቀለሙን መልሼ ልቀባው ነበር፣ ጠርሙሱ ግን ከኪስህ አይወጣም።»

መፍቻውን ከመሬት አነሳና የአጎቷ ልጅ ዳዶ ላይ አድርጎ ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተ። ንቅንቅ አላለም። እሷ ተቀብላው ጫን ስታደርገው ሩብ ዙር ዞረ። ያን ጊዜ የማሩ ክዳን ትዝ አለው።

«አጎትሽ ያውቃል?»

«ቁልፉን የሰጠኝ እሱ ነው። ‹ለአባትሽ እንዳትነግሪው፣ በእግሩ ያቆመው ሥራው ነው› አለኝ።»

ጋሽ ጥብቅ ጎማዎቹ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ለምን ይዋሻል፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው።

በማግስቱ ሰው ሁሉ መነሻው ላይ ተሰበሰበ። የመጀመሪያው ብስክሌተኛ ፊቱ ሲቆም ጋሽ ጥብቅ መሪውን አልያዘም። «እጄ ደክሟል» አለ። «ዘንድሮ ስታጠብቅላችሁ የከረመችው ልጄ ናት። እሷ ትያዝላችሁ።» ከዚያ የቀለሙን ጠርሙስ አውጥቶ ሰጣት። ልጅቷ አሥሩንም ተራ በተራ እየያዘች ለቀቀቻቸው። መጀመሪያ ‹ጥብቅ ነው› የምትለው ቀስ ብላ ነበር፤ «ጮክ በይ እንጂ!» አላት።

የራሷ ተራ ሲደርስ የሚይዝላት ጠፋ። ሰው ሁሉ ጋሽ ጥብቅን አየው። እሱ ግን ዞሮ ባንዲራውን ይዞ ዳር ላይ የቆመውን አማቹን ጠራው።

«አማቼ፣ የሷን አንተ ያዝልኝ።»

ትናንት የሰሙት ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አማቹ ባለበት ቆሞ ቀረ። «እኔ? በዚህ በዳዶ ፈቺው እጄ?»

«በድዬሃለሁ» አለ ጋሽ ጥብቅ። «በሰው ፊት ነው የበደልኩህ፣ በሰው ፊት ይቅር በለኝ። አሁን ያዝ፣ ዝናቡ መጣ።»

አማቹ ባንዲራውን መሬት ላይ አስቀምጦ ቀረበ። መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ፣ ነቀነቀ፣ ደግሞ ነቀነቀና ጋሽ ጥብቅን እያየ ጮኸ።

«ጥብቅ ነው!»