የቆላዋ ፍየል መዥገር

የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ባለፈ በዓመቱ፣ የመንዝ ሞላሌው ባና ሸማኔ ተክለጻድቅ ወደ ዓለም ከተማ ገበያ ወርዶ ከበግ ጸጉር የሸመነውን ባና ሸጠና አንዲት የምትታለብ ፍየል እየነዳ ተመለሰ። መንዝ በበግ ተሞልቶ እያለ ፍየል! ሚስቱ ይዘንጋሽ ሦስት ቀን ሙሉ ሳቀችበት። ያም ሆኖ ከቆላ የመጣ ከብት ሳይጸዳ ከመንጋ አይቀላቀልምና ባልና ሚስት ግራና ቀኝ ተቀምጠው መዥገሯን ለቀሙላት፤ የለቀሙትንም በጥፍራቸው አፈረጡት።

ከሳምንት በኋላ ተክለጻድቅን ትኩሳት ጣለው። ራሱን ይፈልጠዋል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል። «ቆላ ወርዶ የለ? ወባ ነው» ያላለ ጎረቤት አልነበረም። ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙ ሲታይ ግን ወባ አልተገኘበትም። አዲሷ ነርስ ጽናት ነገሩ አልተዋጠላትም።

«አባባ፣ ገላዎ ላይ ቁስል አለ?»

«የለም» አለ ተክለጻድቅ።

ይዘንጋሽ አንገቷን ደፋች። ስታጥበው አይታዋለች፤ ብሽሽቱ ላይ፣ ዙሪያው የቀላ፣ መሐሉ ከሰል የመሰለ ቅርፊት። ግን እሱ ከልጁ የምታንስ ሴት ፊት ሱሪ ከሚፈታ ሞቱን ይመርጣል። እሷም ብትሆን የባል ገመና አደባባይ አይወጣም ተብላ ያደገች ናት።

በሦስተኛው ቀን ይቃዥ ጀመር። ነፍስ አባቱ ይጠሩ ተባለ። ያን ጊዜ ይዘንጋሽ ፈራች፤ ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረችውን ሰው በሱሪ ምክንያት ልትቀብረው ነው! ነጠላዋን ጣል አድርጋ ጤና ጣቢያ ሮጠች።

«ብሽሽቱ ላይ ነው ልጄ» አለቻት ለጽናት፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

ጽናት ቤት ድረስ መጥታ ቅርፊቱን አየች። «መዥገር ነክሷቸው ነው። በሽታውን ያጋባባቸው እሱ ነው፤ እኛም ገና አሁን ነው መለየት የጀመርነው» ብላ ዶክሲሳይክሊን የሚባል መድኃኒት ሰጠችው። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። በሦስተኛው ቀን ሚስቱን አኮረፈ።

«አዋረድሽኝ!» አላት። ይዘንጋሽ ድምፁን መስማቷ ብቻ ደስ አሰኛት።

ኩርፊያው ሁለት ሳምንት ቆየ። አንድ ጠዋት የበግ ጸጉር ስትፈትል እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ። ገላዋ እሳት ሆኗል። ከፍየሏ ሳይለቀም የቀረ መዥገር እሷንም ነክሷት ኖሯል፤ ከጡቷ ሥር ጥቁር ቅርፊት ካየች ሁለት ቀኗ ነው፤ ትንፍሽ አላለችም። የባሏን መናገር እንዴት ቀሏት ኖሯል!

ተክለጻድቅ ከሽመና ጉድጓዱ ወጥቶ ግንባሯን ዳሰሰ። ጋቢውን ደረበላትና ክንዷን ይዞ ጤና ጣቢያ አደረሳት።

«ቁስል አለ፣ እማማ?» አለች ጽናት።

«የለም።»

«ውሸቷን ነው» አለ ተክለጻድቅ። «እኔም የለም ብዬሽ ነበር።» ወደ በሩ ሄደና ቆመ። «ልጄ፣ ደህና አድርገሽ ፈልጊው። እኔ ያለሷ ቤት የለኝም።»

ይህን ብሎ ወጣ፤ በሩንም ከውጭ ዘጋው።